የገዳዩን ድምፅ ተውሶ መዝፈን ልክ ነው? በ«ኔብራስካ» አልበም ላይ ክርክር

ሌሊት ሰሚ፦ እንዴት ናችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቅና ተከራከሩልኝ። 2025 ላይ ስለ አሰራሩ ፊልም ከወጣ በኋላ ነው የብሩስ ስፕሪንግስቲንን «ኔብራስካ» መስማት የጀመርኩት፣ ትናንት ማታ ሄድፎን አድርጌ 10ሩንም ዘፈን ሳላቋርጥ ሰማሁት ከዛ እንቅልፍ የለም። ለማያውቀው፣ ሰውየው በሮክ ጩኸት ነው የሚታወቀው፣ ይሄን ግን 1982 መጀመሪያ ላይ (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ቤቱ ቁጭ ብሎ ጊታርና ሃርሞኒካ ይዞ በአራት ትራክ ካሴት መቅጃ ለመነሻ ያህል የቀዳው ነው፣ በኋላ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብተው ሲሞክሩት ነፍሱ ጠፋች፣ ስለዚ ኪሱ ውስጥ ሲያንከራትተው የነበረውን ካሴት ራሱን አልበም አድርገው አወጡት። የመጀመሪያው ዘፈን የቻርልስ ስታርክዌዘር ታሪክ ነው፣ ገና 19 ዓመቱ ላይ፣ በ1957 መጨረሻና በ1958 መጀመሪያ 11 ሰው ገድሎ 1959 ላይ በኤሌክትሪክ ወንበር የተቀጣ። ዘፋኙ «እሱ» እያለ አይደለም የሚነግረን፣ «እኔ» እያለ ነው። ልክ ነው ወይ? እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ስሰማው ለገዳዩ ሳዝን ራሴን ያዝኩት፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው፣ ዘፈን እንዲህ ካስደነገጠኝ ሥራውን ሠርቷል።

ባለ ጊታር፦ ልክ ነው በቃ ምን ያከራክራል። ተዋናይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲተውን ማን ይከሰዋል? የድሮዎቹ ባላዶችም (ታሪክ የሚተርኩ የፈረንጅ ዘፈኖች) ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ገዳዩ ከመሰቀሉ በፊት ራሱ ሲያወራ ነው የሚዘፈነው። ደሞ ድምፁን ስሙት እስቲ፣ አይጮህም አያለቅስም፣ ደረቅ ነው፣ ሊያሳዝነን የፈለገ ሰው እንደዛ አይዘፍንም። ልጁ ራሱ ተፀፅቻለሁ እንኳን አይልም እኮ።

ቀይ እስክርቢቶ፦ እኔን ያናደደኝ «እኔ» ማለቱ አይደለም፣ «እኛ» ማለቱ ነው። አብራው የነበረችው ካሪል አን ፉጌት 14 ዓመቷ ነበር። አስራ አራት! ከሞቱት ውስጥ እናቷ፣ እንጀራ አባቷና የ2 ዓመት እህቷ አሉበት፣ እሷ ደሞ አስገድዶ ነው ይዞኝ የዞረው ብላለች፣ ፍርድ ቤት አላመናትም፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ 1976 ላይ በአመክሮ ወጣች። አልበሙ ሲወጣ እንግዲህ ከእስር ከወጣች ገና 6 ዓመቷ ነው። ዘፈኑ ውስጥስ ምንድናት? አብራው የተዝናናች ቆንጆ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንኳን ጭኑ ላይ እንድትሆንለት የሚመኛት። ያ የሱ ወሬ ነው፣ የሷ አይደለም። ዘፋኙ ድምፁን ሲዋስ በልጅቷ ላይ ያለውን ክስም አብሮ ተዋሰው።

ሌሊት ሰሚ፦ በእውነት ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ገዳይ እኮ ነው የሚያወራው፣ ከሱ እውነት ማን ጠበቀ?

ቀይ እስክርቢቶ፦ አንተው ራስህ «አላውቅም ነበር» አልክ፣ ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው እኮ። ሰሚው ሌላ ወሬ ከሌለው ይሄንኑ ይዞ ነው የሚሄደው። ስማቸው አልተጠራም ትሉኝ ይሆናል፣ ግድያው የተፈጸመባቸው ሊንከን ከተማና ዋዮሚንግ ተጠርተው፣ የሞተው ሰው ቁጥር ተነግሮ ማን ይሳሳታል? ሴትየዋ ምሕረት ይደረግልኝ ብላ ያመለከተችው 2020 ላይ ነው የተከለከለችው፣ ስሟን ለማጥራት ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋ ሰው ዘፈኑን እየሰማ ሆድ ይብሰዋል።

ባለ ጊታር፦ ምሕረቱን የከለከላት ዘፈኑ አይደለም እህቴ።

ቀይ እስክርቢቶ፦ አላልኩም። ያላልኩትን አትመልስልኝ።

ሳቂታ፦ እኔ ስለ ገዳዩም ስለ ልጅቷም አልከራከርም፣ እኔን ያስመረረኝ ሃርሞኒካው ነው። ደሞ 10ሩም አንድ ዘፈን ነው የሚመስለኝ፣ አምስተኛው ላይ መኪና፣ ስድስተኛው ላይ መኪና፣ ሰባተኛው ርዕሱ ራሱ መኪና፣ ስምንተኛው ላይ መልሶ መኪና፣ አልበም ነው ወይስ የትራፊክ ሪፖርት 😂

ከኋላ ወንበር፦ ሃሃሃ እውነትሽን ነው፣ ግን አምስተኛውን አትንኪብኝ። ጆ የሚባል የሀይዌይ ፖሊስ ነው የሚያወራው፣ ፍራንክ የሚባል ከልጅነቱ ጀምሮ የማይሆን ወንድም አለው፣ እሱ ለእርሻ ተብሎ ቤት ሲቀር ፍራንክ ጦርነት ሄዷል፣ ከዛ የስንዴ ዋጋ ወደቀ፣ ጆ ፖሊስ ሆነ፣ ወንድሙ ባጠፋ ቁጥር እያየ ያልፈዋል፣ አንድ ማታ ግን ፍራንክ ቡና ቤት ውስጥ ልጅ ጎድቶ ጠፋ። ጆ በመኪና እያባረረ የካናዳ ድንበር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር ዳር ይዞ ቆመና የወንድሙ የኋላ መብራት ሲርቅ አየው። አለቀ። ማንም አያለቅስም። እኔ ታላቅ ወንድም ስለሆንኩ ይሆናል ግን ያቺን ቦታ ስሰማ ሁሌ ትንፋሼን እይዛለሁ። ወለል ላይ እየደማ የቀረው ልጅስ ብሎ መጠየቅ ትዝ የሚለኝ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው፣ ልክ ሌሊት ሰሚ እንዳለው ራሴን እይዘዋለሁ። ልዩነቱ ጆም ፍራንክም ፈጠራ ናቸው፣ ማንም ተነስቶ በስሜ አወራህ አይለውም። ስለዚ ቀይ እስክርቢቶ እውነቷን ነው፣ ያንኑ ሥራ ማንንም ሳይነካ መሥራት ይችል ነበር፣ ሠርቶታልም።

ዝም አልልም፦ እናንተ ስለ ዘፋኙ መብት፣ ስለ ሰሚው ማን ያስብ? ዲፕሬሽን ያለበት ሰው ሌሊት ብቻውን ይሄን 40 ደቂቃ ሲሰማ ምን ይሆናል? እኔ በከፋኝ ጊዜ ደጋግሜ ሰምቼው የባሰ ነው ያሰመጠኝ፣ ከዛ ወዲህ ከፕሌይሊስቴ አውጥቼዋለሁ።

ባለ ጊታር፦ 2014 ላይ ታሩፊና ኮልሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች 772 ሰው ጠይቀው ነበር፣ አሳዛኝ ሙዚቃ ሰው ላይ በብዛት የሚያመጣው ስሜት ሀዘን ሳይሆን ናፍቆት ሆኖ ነው የተገኘው። ብዙ ሰው እንደውም ይረጋጋበታል።

ዝም አልልም፦ ናፍቆት? ከዚህ አልበም? አንዱ ዘፈን ላይ ፋብሪካው ተዘግቶበት ሰክሮ ሰው ተኩሶ 98 ዓመት ከአንድ የተፈረደበት ሰው እኮ ነው ያለው፣ ዳኛውን «እኔን ግደሉኝ» ነው የሚለው፣ እዚህ ውስጥ ምኑ ይናፈቃል? ጥናቱ ስለ ሌላ ዓይነት ሀዘን ይሆናል። ስፕሪንግስቲን ራሱ እኮ 2016 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ከዲፕሬሽን ጋር ሲታገል እንደኖረ ጽፏል፣ አልበሙን ከጨረሰ በኋላም ወድቆ ነበር። ዘፈኑ አላዳነውም ማለት ነው።

ሌሊት ሰሚ፦ እሺ ከሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ወሰድኩ። ገዳይን መዝፈን ይቻላል የሚለውን አልተውም፣ ግን ቀይ እስክርቢቶ ያለችው «እኛ» ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ ዛሬ መልሼ ስከፍተው የልጅቷ ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩት። ማታ ከሁለተኛው ዘፈን ነው የምጀምረው።

ባለ ጊታር፦ ኧረ ተው ብሮ፣ የአልበሙ ርዕስ የሆነውን ዘፈን ስኪፕ አድርገህ?

ቀይ እስክርቢቶ፦ አይ እኔም ስኪፕ አድርጉት አላልኩም። ስሟን እያወቅክ ስማው ነው ያልኩት።

ሳቂታ፦ ከሁለተኛው ከጀመርክማ መኪናዎቹ ቶሎ ይደርሱልሃል 😂