አንድ ጥንድ ስኪ ለሁሉም በረዶ፦ ወገቡ ይጥበብ ወይስ ይስፋ?

ጠያቂዋ፦
እስከ ዛሬ በበረዶ ላይ የተንሸራተትኩት በኪራይ ስኪ፣ ማለትም ከእግር ጋር በሚታሰር ረጅም ሳንቃ ነው። አሁን የራሴን ልገዛ ነው፤ ሁለት ጥንድ የመግዛት አቅም ግን የለኝም። የምወጣበት ተራራ ጠዋት በረዶው እንደ ድንጋይ የደነደነ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው ይላቁጣል። አንዳንዴ ደግሞ ሌሊቱን ሲጥል ያድርና እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ለመላው ተራራ ይሆናሉ የሚባሉት ስኪዎች ወገባቸው፣ ማለትም ከጫማው ሥር ያለው ወርዳቸው፣ በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ባለሱቅ «88 ይበቃሻል» አለኝ፤ ሌላው «ከ98 በታች እንዳትገዢ» አለኝ። የቱን ልስማ?

ሰም ቀቢው፦
ስኪ መሳልና ሰም መቀባት ሥራዬ ነውና ከጠርዙ ልጀምር። በደነደነ በረዶ ላይ የሚይዝሽ የብረት ጠርዙ ብቻ ነው። ስኪውን በጠርዙ ስታቆሚው በረዶው መልሶ ሊያስተኛው ይገፋል፤ ጠርዙ ከጫማሽ መሃል በራቀ መጠን ግፊቱ ይበረታል፣ ያንን የሚሸከሙት ደግሞ ቁርጭምጭሚትሽና ጉልበትሽ ናቸው። በ88 ርቀቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ98 ደግሞ 49። አምስት ሚሊ ሜትር እንደ ምንም ሊቆጠር ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ስትታጠፊ ውለሽ ማታ ደረጃ ስትወርጂ ግን ጉልበትሽ ይነግርሻል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥም ጠባቡ ይፈጥናል። 88 ያለሽ ሰው ልክ ነው።

ሰፊ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ የምትናገረው ስለ ጠዋቱ በረዶ ብቻ ነው። ተራራው ከአራት ሰዓት በኋላም ይኖራል! አዲስ የወረደ ቀላል በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል፤ በማሽን ተረግጦ የተደለደለው 400 እና ከዚያ በላይ። በረዶ ከጣለ በኋላ ሰው ሲመላለስበት እነዚህ ሁለቱ በአንድ እርምጃ ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ፦ እዚህ ክምር፣ እዚያ የተገለጠ ድንዳኔ። ጠባብ ስኪ በክምሩ ውስጥ ይጠልቅና ይያዛል፣ ሰፊው ግን በላዩ ያልፋል።

ታሪኩንም አንርሳ። ስኪ ቀጥ ያለ ጠባብ ሳንቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤላን የተባለው ኩባንያ ኤስ.ሲ.ኤክስ. የሚባል ስኪ ወገቡን ቀጭን፣ ጫፎቹን ሰፊ አድርጎ መጣና በጠርዝ መታጠፍን ለብዙ ሰው አቀለለ። በ2002 ደግሞ ስኪ ተንሸራታቹ ሼን መኮንኪ ያመነጨው፣ የቮላንት ኩባንያ ስፓቹላ የተባለ ስኪ ያንን ሁሉ ገለበጠው፦ ወገቡ ሰፊ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የተቀለበሱ። ለለስላሳ በረዶ የሚያስፈልገው ቅርጽ የደነደነው ከሚፈልገው ፍጹም የተለየ መሆኑን ያኔ አየን። የዛሬዎቹ የሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ከእግር ሥር ወደ ላይ የጎበጠው ቅስት አለ፣ አፍንጫው ግን ተቀልብሷል። ስለዚህ ዛሬ 98 ወርድ ያለው ስኪ ድሮ የምንፈራው ሰፊ ስኪ አይደለም።

ሰም ቀቢው፦
ቅርጹን አልካድኩም። ግን ወርዱ የሚያተርፍልንን እንቁጠረው። 175 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ስኪ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ብትጨምር በአንድ እግር 175 ካሬ ሴንቲ ሜትር ታገኛለህ፤ በሁለቱ 350። አንድ የኤ4 ወረቀት 624 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ88 ወደ 98 ሲኬድ የሚገኘው እንግዲህ ከግማሽ ወረቀት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ለዚህ ብላ ጠዋት ጠዋት ጠርዙ ሳይዝላት ስትንሸራተት ትኑር?

ሰፊ ወዳጅ፦
ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ፍርዱ ግን አይደለም። ከሰዓት የሚያስቸግረን መስጠም ብቻ አይደለም፤ ክምሩ ስኪውን ገፍቶ አቅጣጫ ማሳቱም ነው። እዚያ የሚረዳው ስፋቱ፣ ክብደቱና የአፍንጫው ቅልበሳ ተባብረው ነው።

አስተማሪዋ፦
ሁለታችሁም ስለ ስኪ ትከራከራላችሁ፣ ስለ እሷ የጠየቀ ግን የለም። እህቴ፣ ባለፈው ወቅት ስንት ቀን ወጣሽ? ከዚያ ውስጥ በስንቱ ቀን አዲስ በረዶ አገኘሽ? ይህን የምጠይቀው ተማሪዎቼ ደጋግመው ስለሚሳሳቱበት ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚያገኙት ያማረ ቀን ብለው 106 ይገዙና የቀረውን ጊዜ በደነደነ በረዶ ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ ፈርተው ያሳልፉታል። የፈራ ሰው ደግሞ አይማርም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቁመትሽንና ክብደትሽንም ንገሪኝ።

ጠያቂዋ፦
14 ቀን ወጥቻለሁ። አዲስ በረዶ ያገኘሁት በሦስቱ ቀን ነው። ቁመቴ 168፣ ክብደቴ 62 ኪሎ። በተደለደለ መስመር ላይ በደንብ እታጠፋለሁ፣ ከመስመር ውጭ ግን ገና እየተማርኩ ነው።

አስተማሪዋ፦
እንግዲያው ከ14ቱ 11ዱን ቀን የምታሳልፊው በደነደነውና በላቆጠው ላይ ነው። እኔ ከ86 እስከ 92 ውስጥ እፈልግልሻለሁ። ርዝመቱን ከአገጭ እስከ ግንባር ባለው ውስጥ ያዢው፤ አፍንጫው በደንብ የተቀለበሰ ከሆነ ደነደን ባለ በረዶ ላይ የሚነካው ርዝመት ስለሚያንስ ወደ ላይኛው ወገን አድርጊው፣ 160 አካባቢ። የመታጠፊያው ክብ ራዲየስ 15 ሜትር ገደማ ይሁን።

ከወርዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግትርነቱ ነው። ቲታናል የሚባለው ንጣፍ ስሙ ቲታኒየም ቢመስልም የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ስኪውን ያረጋጋዋል፣ ንዝረትም ይቀንሳል። ነገር ግን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሁለት ሙሉ ንጣፍ የተነጠፈበት ስኪ ከባድና ፈጣን ሰው ይፈልጋል። 62 ኪሎ ይዘሽ ልታጎብጪው ካልቻልሽ አይታጠፍልሽም፣ ወርዱ 88 ሆነም 98። ከእግር ሥር ብቻ ቲታናል ያለውን ወይም የእንጨቱ ልብ ቀለል ያለውን ፈልጊ።

ታዛቢው፦
አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር። «ለመላው ተራራ» የሚለው ስም ሰውን ከመስመር ውጭ ይጠራል። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለመንሸራተት የሚያምረንም ያው ቁልቁለት ነው። ሰፊ ስኪ ከናዳ አያድንም። ጥበቃ ከሚደረግለት ክልል የሚወጣ ሰው በናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት የምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዝ፣ አጠቃቀማቸውን ይልመድ፣ የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ያንብብ፣ ብቻውን አይውጣ። እባካችሁ ስኪ ስትመክሩ ይህንንም አብራችሁ ምከሩ።

ሰፊ ወዳጅ፦
ልክ ብለሃል፣ እኔ አስቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ከ14 ቀን ሦስት ብቻ ከሆነ 98 ብዬ አልሟገትም። ከመስመር ውጭ እየተማረች ስለሆነ ግን 86 ይጠብባታል ባይ ነኝ፤ 92ን አስቢበት።

ሰም ቀቢው፦
በ92 አልጣላም። ጠርዙ ከደነዘዘ ግን ይህ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነው፤ የተሳለ 98 ከደነዘዘ 88 በደነደነ በረዶ ላይ ይሻላል። ጠርዙን በየጥቂት ቀኑ በጣትሽ ዳስሺው፤ ከተሸራረፈ እንዲሳል ስጪው። ለብርድ ጠንካራ ሰም፣ ለላቆጠው ለስላሳ ሰም አድርጊ።

ጫማሽን ከስኪው ጋር የሚያያዘውን ማሰሪያም አትርሺ። የማቆሚያ ፍሬኑ ወርድ ከስኪው ወገብ ጋር መመጣጠን አለበት፣ ማሰሪያው የጫማሽን ሶል ዓይነት የሚቀበል መሆኑን አረጋግጪ። ስትወድቂ ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል እንደሚፈታ የሚያመለክተው የመፍቻ ቁጥር የሚወሰነው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በሶሉ ርዝመት ነውና ባለሙያ ያስተካክልልሽ፤ ችሎታሽን ከፍ አድርገሽ አትንገሪው። በወደቅሽ ጊዜ ስኪው ካልተፈታ የሚጠመዘዘው ጉልበትሽ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመግዛቴ በፊት 88 እና 92 ተከራይቼ በአንድ ቀን ልሞክራቸው ወስኛለሁ፤ ጠዋት በ88፣ ከሰዓት በ92።

አስተማሪዋ፦
እንደዚያ ካደረግሽ ስኪውን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የምታወዳድሪው። ጠዋትም ሁለቱንም፣ ከሰዓትም ሁለቱንም ሞክሪ፣ በዚያው አንድ መስመር ላይ። ጠርዛቸው አዲስ የተሳለ መሆኑንም አስቀድመሽ ጠይቂ።