የወረቀት ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ለሕመምተኛው ምን ይለወጣል?

ጥያቄ፤ ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ናቸው። መደበኛ ክትትላቸው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ የዓይንና የኩላሊት ምርመራ ሲያስፈልጋቸው ሪፈር ተጽፎላቸው መሀል ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይሄዳሉ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚጽፈው መልስም ወደ ጤና ጣቢያው የሚደርሰው እኛው በፌስታል ይዘነው ስንመለስ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት የደም ምርመራ ሁለት ቦታ ይደገማል፤ አንዱ ጋ እንዲቋረጥ የተወሰነ መድኃኒት ሌላው ጋ መታዘዙን ይቀጥላል።

በቅርቡ ጤና ጣቢያው ነዋሪውን ሰብስቦ የወረቀት ካርዱ ቀርቶ የታካሚው መረጃ በኮምፒውተር እንደሚያዝ ገልጾልናል። ከተሰብሳቢው መካከልም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራጅ እስከ ማንበብ መድረሱን ጠቅሰው ለእኛም ይምጣልን ያሉ ነበሩ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠይቀናል። በሙያው ያላችሁትን የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ከእነዚህ ቴክኖሎጂዎች መካከል እንደ እናቴ ላሉ ሕመምተኞች እንክብካቤውን በእርግጥ የሚያሻሽለው የትኛው ነው? ነዋሪውስ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምንድን ነው?

መልስ፤ በገላን አካባቢ የሚሠራ ጤና መኮንን

ጠያቂያችን፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ያነሡት ችግር በእኛ በኩል ከካርድ ክፍሉ ይጀምራል። ታካሚው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ማወቅ የምፈልገው ያለፉትን ወራት የግፊት ልኬት፣ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን፣ የክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤትና አሁን የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ነው። እነዚህ በወረቀት ካርዱ ውስጥ ቢኖሩም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ በተለያየ ገጽ የተበታተኑ ናቸው፤ የላቦራቶሪ ወረቀቶችም ከውስጡ እየወደቁ ይቀራሉ። ካርዱ ራሱ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ አዲስ ይወጣና የዓመታት ታሪክ እንዳልነበረ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ሜትፎርሚን ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም በብዛት የምናዘው መድኃኒት ነው፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ45 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ መጠኑ እንደገና መታየት፣ ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ መድኃኒቱ መቆም አለበት። ይህ አቅም የሚሰላው ከክሬያቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ነው። ወረፋው በበዛበት ጠዋት ይህንን ለእያንዳንዱ ታካሚ በእጅ ማስላት ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ውጤቱ እንደገባ አስልቶ፣ ካለፈው ዓመት ጋር አነጻጽሮ፣ የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይ ሊያሳስበን ይችላል። ይህ ተራ ስሌት ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስፈልገው አይደለም። ሆኖም ለእናትዎ ከብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥቅም የቀረውን ሰው ማወቅ ነው። አሁን ባለው አሠራር የምናየው የመጣውን ብቻ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ስለማያመው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ስትሮክ ከመታው በኋላ ነው። መረጃው በኮምፒውተር ከተያዘ ቀጠሯቸው ያለፈባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በየሳምንቱ ሊወጣና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሊሰጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የኬንያ ጥናት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎችን አካትቶ ነበር፤ ለግማሾቹ በየሳምንቱ እንዴት ናችሁ የሚል አጭር የስልክ መልእክት ይላክላቸው ነበር፣ ችግር እንዳለበት ለመለሰና ምንም ላልመለሰ ሰው ደግሞ የጤና ባለሙያ ይደውልለታል። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት መልእክት ከሚደርሳቸው መካከል 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው መካከል 50 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር ስትጠይቁ፣ መልሱን አንብቦ የሚደውለው ባለሙያ ማን እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

ሌላም ልትጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። የሚመጣው ሥርዓት ለሪፖርት ነው ወይስ ለሕክምና? ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓት አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ስንት የስኳር ሕመምተኛ እንዳከመ ያሳያል፤ ለዕቅድም እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የእናትዎን ክሬያቲኒን ግን ለእኔ ሊነግረኝ የተሠራ አይደለም። ባለሙያው በወረቀትም በኮምፒውተርም ያንኑ ሁለት ጊዜ እየጻፈ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ታካሚውን የሚያይበት ጊዜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

መልስ፤ ለገጣፎ የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ

ከላይ የተነሣው ስሌት ትክክል የሚሆነው የሚገባው መረጃ ትክክል ሲሆን ነው፤ ለእኛ አገር ሁኔታ ያልተዘጋጀ ሶፍትዌር ደግሞ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የትውልድ ዘመናቸውን 1950 ብለው የተናገሩ እናት በእኛ አቆጣጠር ነው የሚናገሩት። ፕሮግራሙ ያንን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተቀበለው ዕድሜያቸው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይጨምራል፤ የኩላሊት አቅማቸውም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይሰላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲወሰድ የታዘዘ መድኃኒት ማስታወሻው ሌሊት እንዲደወል ሊያደርግ ይችላል። ሥርዓቱ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት የሚሠራ መሆኑን፣ ጳጉሜንም የሚያውቅ መሆኑን በተግባር እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

ስምም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ መዝጋቢ ፀሐይ ብሎ የጻፈውን ሌላው ጸሀይ ብሎ ይጽፈዋል፤ ኃይሉም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል። የፍለጋው ክፍል እነዚህን እንደ አንድ ካልቆጠራቸው አንዲት ሴት ሦስት ካርድ ይኖራታል፤ የመድኃኒት አለርጂዋም ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብቻ ተጽፎ ይቀራል። የፋይዳ ቁጥር ይህንን በእጅጉ ያቃልላል፤ ቁጥሩን ገና ያላወጣ ሕመምተኛ ግን ከበር መመለስ የለበትም።

በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ሌላ እንቅፋት አለ። በሸገር ከተማ ሥር ያለ ጤና ጣቢያ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው፤ ሪፈር የሚጻፍበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ደግሞ በከተማው ጤና ቢሮ ወይም በፌዴራል መንግሥት ሥር ነው። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ሶፍትዌር ገዝተው መረጃ የማይለዋወጡ ከሆነ ፌስታሉ አይቀርልንም። ስለዚህ ጥያቄው ኮምፒውተር ገባ ወይስ አልገባም ሳይሆን፣ የጤና ጣቢያው መዝገብ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ይገናኛል የሚል ይሁን። መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜም መረጃው እዚያው ጤና ጣቢያው ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ የሚተላለፍበት አሠራር መኖር አለበት።

ስለ ምስጢር ጥበቃ የምለው አጭር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ይቆጥረዋል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ ውጤት ከወጣ የሚመለስ አይደለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ የማንን መዝገብ ማን፣ መቼ እንደከፈተም ሥርዓቱ ይመዝግብ።

መልስ፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተነሣውን ልመልስ፤ ሥራው በተጨባጭ የታየባቸው መስኮች አሉና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን በኮምፒውተር አንብቦ ቲቢ የሚጠረጠርበትን ሰው መለየትን ተቀብሎታል። ራጅ አንባቢ ሐኪም በሌለበት ጤና ተቋም ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የተጠረጠረው ሰው አክታው በጂን ኤክስፐርት ወይም በመሰል ምርመራ መረጋገጡ አይቀርም። መሣሪያው ማን ቀድሞ ይመርመር ለሚለው ጥያቄ እንጂ ለመጨረሻው ውሳኔ አይደለም።

የእናትዎን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው የዓይን ምርመራው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ በየዓመቱ መታየት አለበት፤ ሪፈር ተጽፎለት ርቀቱንና ወጪውን ፈርቶ የሚቀረው ግን ብዙ ነው። የዓይንን የውስጠኛ ግድግዳ ፎቶ አንስቶ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ያለ ሐኪም የሚለይ መሣሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቅዷል። ይህ ጤና ጣቢያ ቢገባ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ጉግል በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ውስጥ ተመሳሳይ ሥርዓት ሲሞክር የሆነውን ማወቅ ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጥናት መሠረት ከተነሡት ፎቶዎች ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሚሆኑት ጥራት የላቸውም ተብለው በሥርዓቱ ውድቅ ሆነዋል። ክፍሉ በቂ ጨለማ አልነበረም፣ ኢንተርኔቱም ይዘገይ ነበር፤ ፎቶው ያልተነበበለት ሕመምተኛ ዓይኑ ጤናማ ሊሆን እየቻለ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ይላክ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጎበዝ የነበረው ሥርዓት በጠባብ ክፍልና በደካማ መስመር ተፈተነ። የእኛም ክፍሎች ከዚያ የተሻሉ አይደሉም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የናይሮቢው ይመስለኛል። ፔንዳ ሄልዝ የተባለው የክሊኒኮች ድርጅት ከኦፕን ኤ አይ ጋር ባደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነው ጥናት፣ በ15 ክሊኒኮች የተደረጉ 39,849 የሕመምተኛ ጉብኝቶች ተካትተዋል። ባለሙያው መዝገቡን ሲጽፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ሥርዓት ከበስተጀርባ ያነብባል፤ የሚያሳስብ ነገር ሲያገኝ ብቻ ያስጠነቅቃል፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው። በሥርዓቱ የታገዙት ባለሙያዎች የምርመራ ስሕተት 16 በመቶ፣ የሕክምና ስሕተት 13 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሕመምተኞቹ ማገገም ላይ ግን በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ልዩነት አልታየም። ባለሙያዎቹ በአጠቃቀሙ መሠልጠናቸውና ክትትል የተደረገላቸው መሆኑም ለውጤቱ ድርሻ ነበረው።

ስጋቴን ደግሞ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ተጨማሪ እንክብካቤ የሚያስፈልገውን ሰው ይመርጥ የነበረ አንድ ሥርዓት የሕመምን ክብደት የሚለካው ባለፈው የሕክምና ወጪ ነበር፤ በመሆኑም እኩል የታመሙ ጥቁር ሕመምተኞች፣ ስለ እነርሱ የወጣው ገንዘብ አነስተኛ በመሆኑ፣ ጤነኛ መስለው ታዩት። በእኛም ዘንድ ከድህነት የተነሣ ጤና ጣቢያ የማይመጣ ሰው መዝገቡ ባዶ ነው። ከመዝገብ ብቻ የሚማር ሥርዓት ያንን ባዶነት ጤና አድርጎ እንዳይቆጥረው፣ ከመግዛታችን በፊት በራሳችን ሕመምተኞች ላይ መፈተን ይኖርበታል።

መልስ፤ ሰበታ የሚኖሩ የስኳር ሕመምተኛ

የተማራችሁት በደንብ አስረድታችኋል፤ ተባረኩ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በእኔ ዕድሜ ያለነው ብዙዎቻችን የስልክ ጽሑፍ አናነብም፤ ግማሾቻችንም አማርኛ ሳይሆን ኦሮምኛ ነው የምንሰማው። የቀጠሮ ማስታወሻው በድምፅ፣ በምንሰማው ቋንቋ ይደወልልን፤ አብሮን ለሚኖረው ልጅም ይድረሰው። የመድኃኒት ዝርዝሩም በጉልህ ፊደል ታትሞ በእጃችን ይሰጠን፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ መባሉ ለእኛ አይበቃም።

ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፤ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰበታ የጻፉልንን የስኳር ሕመምተኛ ሐሳብ በጽሑፋችን መጀመሪያ ላይ አሰፍረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ኮምፒውተሩ እስኪገናኝ ድረስ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም፤ የሆስፒታሉ መልስ በዚህ መካከል እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፤ በገላን አካባቢ የሚሠራ ጤና መኮንን

ከሆስፒታሉ ስትወጡ የሪፈር ግብረ መልሱ በሐኪሙ ተሞልቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ካልተሰጣችሁ ወደ ላይዘን ክፍሉ ሂዱ፣ ሪፈርን የሚከታተለው እርሱ ነው። ወረቀቱን ለካርድ ክፍል ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ቀኑ፣ የተቋረጠውና የተጨመረው መድኃኒት በግልጽ መነበቡንም አረጋግጡ። በስብሰባው ላይ ደግሞ ጤና ጣቢያው ከሆስፒታል የሚመለሱ ወረቀቶችን ተቀብሎ በካርዱ ውስጥ የሚያስገባ አንድ ባለሙያ ከወዲሁ እንዲመድብ ጠይቁ። ሶፍትዌሩ ሲመጣም ያንኑ ሥራ በኮምፒውተር የሚቀጥለው እርሱ ይሆናል፤ ሥልጠናውም ከእርሱ ይጀመር።