ስሪዲ ፕሪንት የተደረገ የእግር ሶኬት የሰው ክብደት ይችላል?

ባሶ_ልጅ፦
ሰላም ወገን። ደብረ ብርሃን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ነኝ። መንዝ ያለው አጎቴ እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ነው፤ ሰው ሰራሽ እግሩ ቅልጥሙ ላይ እያቆሰለው አውልቆ ጥግ አስቀምጦታል። ለመመረቂያዬ ሶኬቱን፣ ማለትም የተረፈው እግር የሚገባበትን ክፍል፣ ልሰራለት አሰብኩ። በስልክ ስካን አድርጌ፣ ሶሊድወርክስ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ላይ አስተካክዬ፣ ፒኤልኤ በሚባለው የተለመደ የፕሪንተር ፕላስቲክ ፕሪንት አደርገዋለሁ። ያስኬዳል ወይስ ልፋት ነው?

ጣርማበር፦
ፒኤልኤውን ተወው። 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ምንም አይልህ ይሆናል፤ ሸዋሮቢት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ረስተኸው ብትወርድ ግን ታየዋለህ። ኤቢኤስ የሚባለውን ሌላ ፕላስቲክ ልሞክር እንዳትል ደግሞ፣ ክፍት ፕሪንተር ላይ በኛ ብርድ ጠርዙ እየተነሳ ያስለቅስሃል።

ዋናው ጉዳይ ግን ንብርብሩ ነው፤ ፕሪንተሩ ዕቃውን የሚገነባው ፕላስቲኩን በስሱ እየደራረበ ነው። ሶኬቱን አቁመህ ስታትመው ንብርብሮቹ አግድም ይተኛሉ፣ አጎትህ ሲራመድ ደግሞ ጫናው እነሱን ሊለያይ ይታገላል፣ የሚሰነጠቀውም እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው። ሶሊድወርክስ ቁሱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ጠንካራ ነው ብሎ ካሰላልህ አትመነው። ናሙናዎች በተለያየ አቅጣጫ አትምና ጥንካሬ ለመለካት ስቦ የሚበጥስ ማሽን ላይ በጥሳቸው። ለሰው ሰራሽ እግር ጥንካሬ አይኤስኦ 10328 የሚባል መመዘኛ አለ፣ እሱን አንብብ።

እህተ_አንኮበር፦
እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ሰው ሰራሽ አካል ነው የምሰራው። የእግሩን ቅርጽ እንዳለ ከገለበጥከው ያው ቁስል ነው። እኛ በጀሶ ስንቀርጽ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለውን ጅማት ጫን እናደርገዋለን፣ ክብደት ይችላላ። የቅልጥሙ ጠርዝና በውጭ በኩል ጎላ ያለው አጥንት ላይ ደግሞ ጀሶ ጨምረን ክፍተት እንተዋለን። ስካን ይህን አይነግርህም፣ እጅ ነው የሚነግርህ።

ደግሞ የተቆረጠ እግር ከጊዜ በኋላ ይሟሽሻል። ሶኬቱ ሰፍቶት እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል እኮ የሚያቆስለው። አንዳንዴ ካልሲ መደረብ ብቻ ይበቃል! መጀመሪያ አጎትህን ባለሙያ ጋ ውሰዳቸው።

ቁንዲ፦
ኧረ ልጁን አታስፈራሩት። ደቡብ አፍሪካዊው አናጺ ሪቻርድ ቫን አስ ጣቶቹን በ2011 እ.ኤ.አ. ካጣ በኋላ ከአሜሪካዊው አይቫን ኦወን ጋር በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ነው ሰው ሰራሽ እጅ የሰሩት፣ ንድፉንም በነጻ ለቀቁት። እርግጥ እጅ ነው፣ ሰው አይቆምበትም።

ለኔ መፍትሄው ፕሪንት ያደረግከው ለመለኪያ ብቻ ይሁን። ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ አጎትህ ያጥልቀው፣ የት እንደሚቆረቁረው ይናገር፣ ፋይሉን አስተካክል፣ የሚሄድበትን ግን ለሶኬት በተለመደው ፕላስቲክ፣ በፖሊፕሮፒሊን፣ ያሰሩለት። ይህ ካልጣመህ የሲቲ ስካን ፋይል ጠይቀህ አግኝና ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት የሚሆን የአጥንት ሞዴል ስራ። የስካኑን ምስሎች ወደ ስሪዲ ሞዴል የሚቀይረው ስሪዲ ስላይሰር የሚባል ሶፍትዌር ነጻ ነው። የስካኑ የእያንዳንዱ ቁራጭ ምስል ውፍረት 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ 5 ከሆነ አጥንቱ እንደ ደረጃ ይወጣብሃል። የታካሚውን ስም ከፋይሉ ማጥፋት እንዳትረሳ።

ባሶ_ልጅ፦
የመለኪያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ አጎቴንም ለፋሲካ ሲመጣ አሳየዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሕትመቱ መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋላችሁ?

ጣርማበር፦
ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ። ከሌለህ ፕሪንተሩ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል፣ ግን የታችኛው ንብርብር ቀዝቅዞ ስለሚጠብቀው እዚያ መስመር ላይ በደንብ አይያያዝም። ለመለኪያው ግድ የለም። ለመበጠስ ያዘጋጀኸው ናሙና ከሆነ ጣለውና እንደገና ጀምር።