ዝቅተኛው ደመወዝ ይጨመር ወይስ ይቅር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ይህ የቻት ግሩፓችን ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሪፐብሊካኖችን ይወቅሳል፣ ግማሹ ዴሞክራቶችን። የምርጫ ውጤቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2020 ፍሎሪዳ ትራምፕን መረጠች፤ በዚያው ቀን ደመወዙ በየዓመቱ እየጨመረ 15 ዶላር እንዲደርስ ከ60 በመቶ በላይ ሰው ደገፈ። በ2024 ሚዙሪም ትራምፕን መርጣ በዚያው ቀን 15 ዶላሩን አጸደቀች። በዚያው ምርጫ የዴሞክራቶቹ ካሊፎርኒያ 18 ዶላር ይሁን ስትባል አይሆንም አለች። እኔ ይጨመር ባይ ነኝ። የማትስማሙ ምክንያታችሁን አምጡ፣ የፓርቲ ስም ግን ይቅርብን።

ከዲሲ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፦
ልጄ፣ ከፋዩ ማነው? እዚህ ዲሲ በቲፕ (በጉርሻ) የሚሠሩ አስተናጋጆች እንደሌላው ሠራተኛ ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈላቸው ተብሎ በ2018 ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። የከተማው ምክር ቤት በወራት ውስጥ ሻረው። በ2022 ሕዝቡ እንደገና አጸደቀው። የአስተናጋጅ መነሻ በሰዓት 5.35 ዶላር ነበር፤ በ2024 ክረምት 10 ደረሰ። ኪራይ ጨምሯል፣ ጤፍ ጨምሯል፣ ሥጋ ጨምሯል። እኔም ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) ጨመርኩ። ደንበኛው ያንን ሲያይ ቲፑን ይተወዋል። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው ተጎዱ። በ2025 ምክር ቤቱ የአስተናጋጆቹን ደመወዝ ጣሪያ ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 75 በመቶ ላይ ሲያደርገው እፎይ ያልኩት ለራሴ ብቻ አይደለም።

ከላስ ቬጋስ፣ አስተናጋጅ፦
ጋሼ፣ ድካምዎ ይገባኛል። ግን እዚህ ኔቫዳ ውስጥ በቲፕ ለሚሠራ ተብሎ የተለየ ዝቅ ያለ ደመወዝ የለም። ቲፕ አገኘሁም አላገኘሁም 12 ዶላሩ ይከፈለኛል። ሬስቶራንቶቹም አሉ፣ እንደውም ሞልተዋል። ሰኞ ከሰዓት ሰው የማይገባበትን ሺፍት አስቡት። በፌዴራሉ ሕግ የአስተናጋጅ መነሻ 2.13 ዶላር ነው፣ ከ1991 ጀምሮ። ቲፑ ካልሞላ አሠሪው ይሙላ ይላል ሕጉ። አልሞላም ቢልስ? ሺፍቷን የሚሰጣትን ሰው ደፍራ የምትከስ ስንት አለች? ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ የቤት ኪራዬ በእንግዳ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ከሲያትል፦
ሁለታችሁም ያላነሳችሁት ነገር የሥራ ሰዓት ነው። ሲያትል በ2014 ወደ 15 ዶላር የሚወስደውን ሕግ ስታወጣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አጠኑት። የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምግብ ቤት ሥራ አልቀነሰም አሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ዝቅተኛ ተከፋዮች የሚሠሩት ሰዓት ቀንሷል አሉ። ሁሉም ለወገኑ የሚስማማውን መርጦ ያጋራል። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ2021 ያወጣው ግምት ለእኔ የበለጠ ታማኝ ነው፤ ደመወዙ በመላ አገሪቱ 15 ቢገባ 900 ሺህ ሰው ከድህነት ይወጣል፣ 1.4 ሚሊዮን ሥራ ደግሞ ይጠፋል። ሁለቱንም አብሮ ያስቀመጠ እሱ ነው። ስለዚህ ይጨመር፣ ግን ቀስ ተብሎ፣ እንደየከተማው ኑሮ።

ከዳላስ፦
ቴክሳስ በሕግ እስካሁን 7.25 ናት። ግን በ7.25 የሚቀጥር መጋዘን እዚህ የለም፣ ቢሞክርም ሰው አያገኝም። ደመወዝ ያሳደገው የሠራተኛ እጥረት ነው። ዕድገት ካለ ሕግ አያስፈልግም።

ከላስ ቬጋስ፣ አስተናጋጅ፦
ወንድሜ፣ ለመጋዘን ልክ ነህ። ዳላስ ያለችው አስተናጋጅ ግን ዛሬም ከ2.13 ነው የምትነሳው። ዕድገቱ እሷ ጋ ለምን አልደረሰም?

ከዳላስ፦
እሱን አልክድም፣ እህቴ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሲያትል፣ "እንደየከተማው" ያልከው ላይ አንድ ችግር አለ። ፍሎሪዳና ሚዙሪ የቻሉት ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ለድምፅ ማቅረብ ስለሚችል ነው። ቴክሳስ ውስጥ በክልል ደረጃ ያ መንገድ የለም። የቀረው ኮንግረስ ነው፤ በ2021 የ15 ዶላሩን ሐሳብ ሴኔቱ 58 ለ42 ጣለው። ተቃውመው ከወጡት ውስጥ ስምንቱ ከዴሞክራቶቹ ወገን ነበሩ። በ2025 ደግሞ ሪፐብሊካኑ የሚዙሪ ሴናተር ጆሽ ሃውሊ ከቨርሞንቱ ዴሞክራት ፒተር ዌልች ጋር ሆኖ የ15 ዶላር ረቂቅ አቀረበ። ዳላስ፣ ሁለቱም ሴናተሮቻችሁ ሪፐብሊካን ናቸው። ከራሳቸው ፓርቲ የመጣውን ረቂቅ ደግፉ ብለህ ትጽፍላቸዋለህ?