ሳይክሎኔ ደቃቁን አቧራ አልይዝ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነኝ፤ ግቢዬ ውስጥ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ እሠራለሁ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ስቆርጥ አቧራው አያድርስ ነው። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ መሥራት አይታሰብም፤ ከከፈትኩት ደግሞ ጎረቤት ያስላል።

ስለዚህ ከላሜራ ሳይክሎን፣ ማለትም አየሩን እያሽከረከረ አቧራውን ወደ ታች የሚጥል ማጣሪያ፣ ሠራሁ። ሲሊንደሩ ስፋቱም ቁመቱም 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከሥሩ ያለው ሾጣጣ 30። መግቢያውም መውጫውም ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ መግቢያው ግድግዳውን ታኮ ይገባል። የሚስበው ባለ 1,400 ዋት ቫኪዩም ክሊነር ነው፤ ከታች 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አለ።

ከፒያላ (ከእንጨት መላጊያ ማሽኑ) የሚወጣው የዋንዛ ፍቅፋቂ ሙልጭ ብሎ ባልዲው ውስጥ ይገባል። የኤምዲኤፉ ዱቄት ግን አልፎ ሄዶ የቫኪዩሙን ፊልተር ይደፍነዋል። አየር እያስገባ ይሆን ብዬ መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን አሸግኩ። ከዚያ እጣን አጭሼ ዙሪያውን አዞርኩት፤ ጭሱ የትም አልተሳበም። (እጣን ከቡና ሌላ ለዚህም ይሆናል።) ባልዲውንም ግማሽ ሳይሞላ ነው የምደፋው።

አሁን የምጠረጥረው የመውጫውን ቱቦ ነው። ጫፉ ከመግቢያው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ነው የሚያልቀው። ክዳኑን ነቅዬ እንደ አዲስ ከመበየዴ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ፦ በዚህ ልክ ለተሠራ ሳይክሎን የመውጫው ቱቦ ከመግቢያው በታች ስንት ሴንቲ ሜትር ይውረድ?