ገንዘቡ ለስድስተኛ ክፍል ይሁን ወይስ ለአንደኛ? የትምህርት ቤታችን የጋራ ዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ከመዋጮአችን ትምህርት ቤታችንን ለመርዳት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው የዕቅድ ረቂቅ እነሆ። በስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አብዛኞቹ ልጆቻችን ከመቶ 50 ማምጣት አቅቷቸዋል። ስለዚህ ለስድስተኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የሞዴል ፈተና ማባዣ ወጪና ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ሽልማት እንዲሆን አስበናል። ግቡ የሚያልፉትን በ20 በመቶ ማሳደግ ነው። የጎደለውን ሙሉ፣ የተረፈውን ቁረጡ። «መልካም ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ ድካምዎን እናመሰግናለን። እኔ የምጨምረው ኮምፒውተር ነው። ያገለገሉ ጥቂት ኮምፒውተሮችን ማፈላለግ እችላለሁ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ይጫኑባቸውና ልጆቹ ይለማመዱ።

ገንዘብ ያዥ፦
መብራቱስ? ቆልፎ የሚጠብቃቸውስ? በነፃ የመጣ ዕቃ ወጪ የለውም ያለው ማን ነው? ሐሳቡ በይደር ይቆይ።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ረቂቁን አንብቤ ተከዝሁ። ነገሩን ከጭራው ይዘነዋል።

ልጆቹ የሚወድቁት ጥያቄ ስላልተለማመዱ ነው ብለን ተነሥተናል። እስኪ ውጤቱን ራሱን እንየው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ጥያቄው አራት አማራጭ ካለው፣ አንድም ቃል ያላነበበ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር እንኳን በአማካይ 25 ያገኛል። እንግዲህ 28 ወይም 30 ያመጣ ልጅ ሩቡን ያውቃል ማለት አይደለም፤ ጨርሶ አላነበበም ማለት ሊሆን ይችላል። የእኛ ልጆች ውጤት የተከማቸው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ለዚህ ልጅ ሞዴል ፈተና ብናባዛለት የሚያጠቁርበት ወረቀት ጨመርንለት እንጂ ምን አደረግንለት?

ይህ የእኛ መንደር ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በአገር አቀፍ የትምህርት ምዘናም የአራተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ሲደነግጥ፣ እነዚያ ልጆች ሳይደግሙ ከመጡ አንደኛ ክፍል የገቡት በ2003 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው አላጋጠመኝም። የንባብ ምዘናው ውጤት ገና ትኩስ ነበር።

ገበታውን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ አያነብም። «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ የሚያንበለብለውን ልጅ መሐል ላይ ያለችውን «ሊ» አሳየኝ ብትሉት ከ«ለ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። የአብነት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ከሀ ሁ አስከትለው አቡጊዳ ሲያስቆጥሩ ተራው ይፈርስና ልጁ ፊደሉን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። የአብነት ትምህርት ማዕከሎቹ ዲማና ዋሸራ ባሉበት በጎጃም ምድር ይህን ማስታወስ ሊያስፈልገን አይገባም ነበር። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን ልጁ ገበታውን በቃሉ ሲወጣው አጨብጭበን ወደ ሁለተኛ ክፍል አሳለፍነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል መውደቅ ስላልነበረ ጉድለቱ ተሸፍኖ ሄደ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በመስከረም ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተጠርቶ የሁለተኛ ክፍል ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። መምህሩ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይቁጠር፤ ስለ ምንባቡም አምስት ጥያቄ ይጠይቀው። የሚያስፈልገው ሰዓት ያለው ስልክና እርሳስ ነው። ከዚያ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ተመድበው ይማሩ።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦
እትዬ፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ኮምፒውተሩንም ትቼዋለሁ። ግን ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል የደረሱትስ? እነርሱን አንደኛ ክፍል እስክናስተካክል ጠብቁ ልንላቸው ነው?

መምህርቷ፦
አይደለም፣ ልጄ። እነርሱም ያንብቡና ይለዩ። የሚያነቡት ሞዴል ፈተናውን ይሥሩ፤ የማያነቡት ማንበብ ይማሩ። ለሁለቱም አንድ ወረቀት አትስጡ ነው የምለው።

ወላጅ፣ ከትምህርት ቤቱ አካባቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቅዳሜው ልናገር። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እርሻ የለም ብላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ገበያ ነው። እናትና አባት ገበያ ሲወርዱ ቤቱም ከብቱም በልጅ እጅ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ውኃው አለባት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ያኔ ክፍሉ ሲሳሳ መምህሩ ምዕራፉን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ሲመለስ የሚቀበለው የለም። በሚካኤልና በማርያም ቀን ግን እርፍ ስለማይጨበጥ ልጆቹ ሞልተው ይመጣሉ። ከባድ ትምህርት ካላችሁ ያን ቀን አድርጉት።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በግጭቱ የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። አምስተኛ ክፍል የተባለ ልጅ በወረቀት ነው አምስተኛ የሆነ።

አባል፣ በሥራ ላይ ያለሁ መምህር፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው 20 በመቶ የሚለው ግብ ይውጣ። 40 ልጅ በሚፈተንበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ 2.5 በመቶ ነው፤ ሁለት ልጅ ወባ ቢይዛቸው «ውጤት አሽቆለቆለ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ግባችን የሚያልፈው ብዛት ብቻ ከሆነም ደካማውን ልጅ አምስተኛ ላይ ማስቀረትና በፈተና ቀን ኩረጃውን አይቶ ዝም ማለት ይከተላል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምደባ ነው። ጎበዝ የሚባለው መምህር ሁልጊዜ ወደ ላይ ክፍል ይመደባል፤ አዲስ ተቀጣሪው ከ70 በላይ ልጅ የታጨቀበት አንደኛ ክፍል ይሰጠዋል። ይህ ይገለበጥ። ርዕሰ መምህሩን የሚያስገድድ ሥልጣን ባይኖረንም በዕቅዱ መጻፍ እንችላለን።

ገንዘብ ያዥ፦
የሚያስከፍለው ምኑ ነው?

መምህርቷ፦
የንባብ መጽሐፍ። አጫጭር ተረቶች፣ በትልልቅ ፊደል የታተሙ። ልጆቹ ቤታቸው ወስደው የሚመልሷቸው ይሁኑ፤ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፉ ከሆኑ አትግዙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን አሻሽያለሁ። የቅዳሜው ማጠናከሪያ ወጥቷል፤ በምትኩ በየቀኑ አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ገብቷል። ልየታው በመስከረም ተካሂዶ በጥርና በግንቦት ይደገማል፤ ግባችንም «አንድም ቃል ያላነበበ» ተብለው የሚመዘገቡት ልጆች ቁጥር መቀነስ ሆኗል። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛው ለንባብ መጻሕፍት፣ ቀሪው ለስድስተኛ ክፍል ይውላል። የመምህራን ምደባ በጥያቄ መልክ ተጽፏል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የስድስተኛ ክፍልን ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ ለይቶ እንዲሰጠንም ጠይቀናል፤ አማካዩ ብቻ ምንም አይነግረንም።

ሽልማቱ ላይ አልተስማማንም። መምህርቷ ከዜሮ ተነሥቶ ላነበበ ልጅ ይሁን ይላሉ፤ አንዳንድ አባላት ደግሞ የአንደኛነት ሽልማት አይቅር ብለው በግል ጽፈውልኛል። እዚሁ በግልጽ ጻፉት።

ገንዘብ ያዥ፦
ለሁለቱም አይበቃም። የመጽሐፉን ዋጋ ከሦስት ቦታ አምጡልኝና ሽልማቱን ከዚያ በኋላ እናውራ።