የጥቁር ሳንባ ካሳ፦ ውሳኔው እንዲሻሻል ልጠይቅ ወይስ አዲስ ማመልከቻ ላስገባ?

ባለቤቴ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ 17 ዓመት ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ቆፍሯል። አሁን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ነው ትንፋሹን የሚሰበስበው። ራጁ ላይም የአቧራው ጠባሳ ታይቷል።

የከሰል አቧራ ለሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ ለጥቁር ሳንባ፣ የፌዴራሉ መንግሥት የሚሰጠውን ካሳ አመለከትን። ያለ ክፍያ በሚደረገው ምርመራ ራጅ ተነሣ፣ የትንፋሹ አቅም ተለካ፣ የደሙ ኦክሲጅንም ታየ፤ ግን ደሙ የተቀዳው ቁጭ ብሎ እያለ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከገደቡ ስላልወረደ «ሙሉ በሙሉ ከሥራ የሚያግድ የሳንባ ጉዳት አልተረጋገጠም» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ከመሬት በታች 15 ዓመት ለሠራ ሰው ጉዳቱ ከጥቁር ሳንባ የመጣ ነው ብሎ ሕጉ የሚያደርገው ግምት ይህ ጉዳት ካልተረጋገጠ አይሠራምና 17 ዓመቱም አልጠቀመን። ኩባንያው ደግሞ ሲጋራውን ያነሣል (ካቆመ 20 ዓመቱ ነው)። የ30 ቀኑን መቃወሚያ ያሳለፍኩት እኔው ነኝ፤ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ።

ባለፈው ወር ሌላ ሐኪም በመሮጫ ማሽን ላይ እያራመደ ደሙን ቀዳ፤ ኦክሲጅኑ ከገደቡ በታች ወረደ። ውሳኔው ከተሰጠ 10 ወሩ ነው፤ ማሻሻያ የሚጠየቀው እስከ አንድ ዓመት ድረስ መሆኑን አውቃለሁ።

ይህ አንድ የደም ምርመራ ብቻውን ማሻሻያ ለመጠየቅ ይበቃል ወይስ ሌላ ማስረጃ ሰብስቤ አዲስ ማመልከቻ ባስገባ ይሻላል?